ፕሮክተሮችንና የዶርም ሠራተኞችን ስለ መጠጥ ማሠልጠን፦ ከዝግጅት እስከ ክትትል

በወሎ ግቢዎች፣ ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ፣ ስለ መጠጥ የሚሰጠው የሠራተኞች ሥልጠና ብዙውን ጊዜ አንድ መልክ አለው። ሠራተኞቹ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፣ አንድ ኃላፊ ስለ አልኮል ጉዳት ግማሽ ቀን ይናገራል፣ ሻይ ይጠጣል፣ የአበል ቅጽ ይፈረማል። በቀጣዩ ቅዳሜ ሌሊት አንድ ተማሪ ደረጃ ላይ ተዘርሮ ሲገኝ ግን ተረኛው ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪ) ስሙን ይመዝግብ ወይስ ትንፋሹን ይመልከት አያውቅም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ሥልጠናውን ለሚያስተባብሩ የተማሪዎች አገልግሎት ባለሙያዎች ነው። ሠራተኛው ስለ መጠጥ ንግግር ሰምቶ አይለወጥም፤ ሌሊት በር ላይ የሚያደርገውንና በማግስቱ የሚናገረውን እጁና አፉ እስኪለምዱት ድረስ መለማመድ አለበት።

«በኃላፊነት መጠጣት» የሚለው አነጋገር ራሱ በሥልጠናው ውስጥ ጭቅጭቅ ስለሚያስነሳ ትርጉሙን አስቀድመው ይወስኑ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች አብዛኞቹ ደግሞ ከዚህ ዕድሜ በታች ናቸው። ስለዚህ ሠራተኛው ማንንም አጠጣጥ አያስተምርም። የማይጠጣው ተማሪ እንዳይገፋፋና እንዳይሾፍበት ይጠብቃል፤ ዕድሜው ያልደረሰው እንዲቆይ ይመክራል፣ ጠጥቶ ከተገኘ ግን እንደማንኛውም ሰው ያድነዋል፤ ዕድሜው ደርሶ የሚጠጣውን ደግሞ መጠኑን፣ ምግቡንና ወደ ግቢ የሚመለስበትን መንገድ እንዲያስብ ያግዘዋል።

ደረጃ 1፦ ሥልጠናውን ከመጥራትዎ በፊት

1. የሚሠለጥኑትን ሰዎች ዝርዝር ያውጡ። ዝርዝሩ በፕሮክተሮች ብቻ ከቆመ ሥልጠናው ገና ሳይጀመር ወድቋል። የሰከረውን ተማሪ መጀመሪያ የሚያገኘው የበር ጥበቃው ነው፤ ጠርሙሱንና ትውከቱን መጀመሪያ የምታየው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ መጀመሪያ የሚጠራው ደግሞ የዶርም ተወካዩ ነው። እነዚህን ሁሉ ያካትቱ። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ባዘጋጀሁት ሥልጠና የሌሊት ጥበቃዎችን «ተረኛ ናቸው» ብዬ ትቼ ነበር፤ ውጤቱን ያየሁት በሁለተኛው ሳምንት በሩ ተዘግቶባቸው ውጭ ባደሩ ሁለት ልጆች ነው።

2. የግቢውን የተማሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ በእጅዎ ይዘው አልኮልን የሚመለከተውን አንቀጽ ቃል በቃል ያንብቡ። ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በደንቡ ሳይሆን ስለ ደንቡ በሰሙት ወሬ ነው።

3. ማዳንንና መቅጣትን የሚለይ ደብዳቤ ከተማሪዎች ዲን ያስፈርሙ። ደብዳቤው ለሰከረ ጓደኛው እርዳታ የጠራ ተማሪ በመጥራቱ ምክንያት እንደማይከሰስ፣ በሌሊት የሚሠራው ሥራ ሕይወት ማትረፍ ብቻ እንደሆነ፣ የሥነ ምግባር ጉዳይ ካለም በሌላ ቀንና በሌላ ሰው እንደሚታይ በግልጽ ይናገር። ዲኑ ለመፈረም ካመነቱ ቢያንስ የመጀመሪያውን ነጥብ ብቻ ያስፈርሙ፤ ያለ እርሱ ግን ወደ ደረጃ 2 አይለፉ። ጓደኞቹ ክስ ፈርተው በብርድ ልብስ ጠቅልለው የሚደብቁትን ልጅ የትኛውም የሠለጠነ ሠራተኛ ሊደርስበት አይችልም።

4. የግቢውን ክሊኒክ የሌሊት ሰዓት፣ የአምቡላንሱን ሹፌር ስልክ፣ የቅርቡን ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል መግቢያና አምቡላንስ በማይገኝበት ጊዜ የሚጠራውን ባለባጃጅ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው በየብሎኩ መግቢያ ይለጥፉ። ከመለጠፍዎ በፊት እያንዳንዱን ቁጥር ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ደውለው ይፈትሹት፤ ቀን የሚያነሳ ስልክ ሁሉ ሌሊት አያነሳም።

ደረጃ 2፦ ቡድንና ሰዓት

ከ15 የማይበልጡ ሰዎችን በአንድ ቡድን አድርገው እያንዳንዳቸው ሁለት ሰዓት የሚፈጁ አራት ክፍለ ጊዜዎችን በሁለት ሳምንት ውስጥ ያካሂዱ። የዓርብ ጁምዓን ሰዓትና የእሑድ ጠዋትን ያስወግዱ፤ በረመዳንም ከሰዓት በኋላ አይጥሩ። ከሌሊት ተረኝነት የወጣ ሰው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢቀመጥ ከመተኛት በስተቀር ምንም ስለማያደርግ ለእርሱ የከሰዓት ቡድን ይመድቡ።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፣ የሠራተኛው የራሱ አመለካከት

በወሎ በአንድ የሥልጠና ክፍል ውስጥ መጠጥን በእምነቱ ሐራም የሚል ሰው፣ እናቱ ጠላ ሸጣ ያሳደገችው ሰውና ራሱ ቅዳሜ ማታ ድራፍት የማይቀርበት ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ማንኛቸውም አቋማቸውን እንዲቀይሩ አይጠይቁ። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ይሁን፦ ተረኛ ሳሉ ወደ ወደቀው ልጅ ሲደርሱ አይስበኩ፣ አይሳደቡ፣ አይሳቁ።

ይህን በንግግር ለማሳመን አይሞክሩ። ክፍሉን በሁለት ይክፈሉና አንዱን ጥግ «እስማማለሁ»፣ ሌላውን «አልስማማም» ብለው ይሰይሙ፤ ከዚያ የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ እያነበቡ ሰዎቹ ወደ ጥጋቸው እንዲሄዱ ያድርጉ።

«የሰከረ ተማሪ ራሱ ያመጣው ስለሆነ ራሱ ይወጣው።»
«ጠላ መጠጥ አይባልም።»
«ሴት ተማሪ ጠጥታ ከመጣች ለወላጅ ይደወል።»
«የማይጠጣ ተማሪ ይህን ጉዳይ መስማት አያስፈልገውም።»

ከሁሉ በላይ ክርክር የሚያስነሳው ሁለተኛው ነው፤ ቶሎ አይዝጉት፤ ለቀጣዩ ክፍለ ጊዜ መግቢያ ይሆንዎታል። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ወንድ ተማሪ ጠጥቶ ሲመጣ ለምን ለወላጁ እንደማይደወል ይጠይቁና መልሱን ዝም ብለው ያዳምጡ።

የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ክርክሩ የሃይማኖት ክርክር ከሆነ ወዲያውኑ አቁመው ደብዳቤውን ያንብቡ፤ ወደ ሌሊቱ ሥራም ይመልሱት። ማን ትክክል እንደሆነ ለመዳኘት አይሞክሩ።

ደረጃ 4፦ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ መጠንን በውሃ መለካት

ለዚህ ክፍለ ጊዜ የአረቄ መለኪያ፣ ብርሌ፣ የጠላ ጣሳ፣ የድራፍት ጃምቦና ባዶ የቢራ ጠርሙስ ያሰባስቡ። ከኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ በሚሊ ሊትር ምልክት የተደረገበት መለኪያ ይዋሱ፤ ዕቃዎቹን የሚሞሉት በውሃ ብቻ ነው። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ሠራተኛ «አንድ» የሚለውን መጠን በልማዱ እንዲቀዳ ያድርጉ፤ ከዚያ ይለኩለት። ከአሥር ሰው አሥር የተለያየ «አንድ» ይወጣል፤ ትምህርቱም ከዚያ ይጀምራል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የፈሳሹን ሚሊ ሊትር በአልኮሉ መቶኛ ያባዙ፣ ለ100 ያካፍሉ፣ ውጤቱን በ0.8 ያባዙ፤ የሚያገኙት በግራም የተለካ ንጹሕ አልኮል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አንድ መደበኛ መጠጥ የሚቆጥረው 10 ግራም ነው። በዚህ ስሌት 5 በመቶ የሆነ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ይይዛል። አረቄው 45 በመቶ ቢሆን 50 ሚሊ ሊትር መለኪያ 18 ግራም፣ ጠጁ 10 በመቶ ቢሆን 250 ሚሊ ሊትር ብርሌ 20 ግራም፣ ጠላው 4 በመቶ ቢሆን ግማሽ ሊትር ጣሳ 16 ግራም ይሆናል። «ጠላ መጠጥ አይባልም» ያሉት ሰዎች ይህን ቁጥር ራሳቸው በሰሌዳ ላይ ያስሉት። የቤት መጠጥ ግን በጠርሙሱ ላይ የተጻፈ መቶኛ ስለሌለው ጥንካሬው እንደ ጠማቂውና እንደ ቀኑ እንደሚለያይ፣ በተለይም ድርብ አረቄ ከዚህ ስሌት በጣም ሊያልፍ እንደሚችል አስረግጠው ይንገሩ።

ቀጥሎ ጊዜን ያስሉ። የአንድ ጎልማሳ ሰውነት በሰዓት የሚያስወግደው አልኮል ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ነው። ስድስት ቢራ የጠጣ ተማሪ 79 ግራም ያህል ወስዷልና ሙሉ በሙሉ ለመጥራት ከ8 እስከ 11 ሰዓት ያስፈልገዋል። ቡና፣ ሎሚ፣ ቀዝቃዛ ሻወርና ሩጫ ይህን ሰዓት በአንድ ደቂቃ እንኳ አያሳጥሩትም። ቡና የጠጣ ሰካራም ያው ሰካራም ነው፤ ልዩነቱ አለመተኛቱ ብቻ ነው።

በዚህ አካባቢ ሳይነሳ መታለፍ የሌለበት ጫት ነው። ከቃመ በኋላ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲ ሁለት እጥፍ አደገኛ ነው፤ ጫቱ ስካሩን ስለሚሸፍነው ተማሪው ገና እንዳልነካው እየመሰለው ከአቅሙ በላይ ይጨምራል፣ በዚያ ላይ ጫት ምግብ ስለሚያስጠላ ሆዱ ባዶ ነው። ባዶ ሆድ ላይ የገባ አልኮል በፍጥነት ወደ ደም ይደርሳል፤ ይኸው ነገር ቀኑን ሙሉ ጾሞ ማታ መጠጥ ላይ ለሚቀመጥም ይሠራል። የእንቅልፍ ክኒን ወይም ትራማዶል (ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) ከአልኮል ጋር ከተወሰደ ደግሞ ትንፋሽ ሊያቆም ስለሚችል ሠራተኛው በዶርም ውስጥ ባዶ የመድኃኒት ማሸጊያ ሲያይ እንዳያልፈው ያስለምዱት።

ደረጃ 5፦ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ሌሊቱ

ይህን ክፍለ ጊዜ ከግቢው ክሊኒክ ነርስ ጋር ይምሩት፤ ጊዜ ከጠበበ ከሌላው ላይ ይቁረጡ እንጂ ከዚህ አይቀንሱ። ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

1. በስሙ ወይም «ልጄ» ብለው ጮክ ብለው ይጥሩት፤ ትከሻውን ይነቅንቁ። ዓይኑን ገልጦ ትርጉም ያለው መልስ ከሰጠ ወደ 5 ይሂዱ። ካልሰጠ ይቀጥሉ።

2. ደረቱን እያዩ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ይቁጠሩ። ጤነኛ ጎልማሳ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ከ8 በታች ከሆነ ወይም በሁለት ትንፋሽ መካከል ከ10 ሰከንድ በላይ ክፍተት ካለ አደጋ ነው።

3. ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ካለ ሁለተኛ ምልክት ሳይጠብቁ ወደ ክሊኒክና አምቡላንስ ይደውሉ፦ አለመንቃት፣ የትንፋሽ መዘግየት፣ ራሱን ስቶ ማስታወክ፣ የከንፈር ወይም የጥፍር መገርጣትና መጥቆር፣ የሰውነት መቀዝቀዝ፣ መንዘፍዘፍ፣ በጭንቅላት ላይ የደረሰ ቁስል ወይም እብጠት። የመጠጥ ሽታ ስላለ ብቻ «ሰክሯል» ብለው አይደምድሙ፤ ከደረጃ ወድቆ ራሱን የተመታ ወይም ስኳሩ የወረደ ሰው ከሰካራም ጋር ይመሳሰላል። ትንፋሹ ጨርሶ ከቆመ ነርሷ ያሳየችዎትን የደረት መጫን ወዲያው ይጀምሩ፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ነው።

4. የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ ያስተኙት። በአጠገቡ ተንበርክከው ወደ እርስዎ ያለውን ክንድ ወደ ጎን ይዘርጉ፤ የወዲያኛውን እጅ መዳፍ አምጥተው ከጉንጩ ሥር ያድርጉ፤ የወዲያኛውን ጉልበት አጥፈው ወደ ራስዎ ይሳቡት፤ ከዚያ ራሱን ጥቂት ወደ ኋላ አቅንተው አፉን ወደ መሬት ያዘንብሉ። በራሱ ላይ ወይም በአንገቱ ላይ ጉዳት ከጠረጠሩ ራሱንና አንገቱን አንድ ላይ ይዘው በጥንቃቄ ያዙሩት።

5. ብቻውን አይተዉት። ቢመልስም ባይመልስም አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጥና በየ10 ደቂቃው ጠርቶት ትንፋሹን ይቁጠር። ሰውየው መጠጣት ካቆመ በኋላም ሆዱ ውስጥ ያለው አልኮል ወደ ደም መግባቱን ስለሚቀጥል አሁን የሚያወራ ልጅ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ላይነቃ ይችላል። «ይተኛና ይለፍለት» የሚለው ቃል በዚህ ግቢ ከዛሬ ጀምሮ የተከለከለ እንደሆነ ለሠራተኞቹ ይንገሩ።

6. ምን፣ ስንት፣ መቼ፣ ከምን ጋር እንደጠጣ ጓደኞቹን ይጠይቁ፤ የተረፈ መጠጥ ካለ ከነጠርሙሱ ለሐኪሙ ያስረክቡ። በማግስቱ ዓይኔ ደብዘዘ፣ ራሴን ክፉኛ አመመኝ፣ ሆዴን ቆረጠኝ የሚል ተማሪ ካለ «ሃንጎቨር ነው» ብለው አይመልሱት። ሜታኖል (መርዛማ የአልኮል ዓይነት) የተቀላቀለበት መጠጥ ጉዳቱ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ ሊታይ ይችላል፤ ዓይን ሊያጠፋና ሊገድል ስለሚችል በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይላኩት፤ አብረውት የጠጡትንም ሁሉ ፈልገው ይላኩ።

የማይደረገውም በጽሑፍ ይለጠፍ፦ አያስታውኩት፣ ቡናም የጨው ውሃም አይስጡት፣ ውሃ አይድፉበት፣ በጀርባው አያስተኙት፣ በር ቆልፈውበት አይሂዱ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ አልኮል ቆዳን የሚያሞቅ እያስመሰለ የሰውነትን ሙቀት ስለሚያስወጣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውሃ የተደፋበት ልጅ ከመጠጡ ይልቅ ብርዱ ሊገድለው ይችላል። በኮምቦልቻ ብርዱ ቀለል ይላል፤ እዚያ የሚያስፈራው ወደ ደሴ ተጉዞ ጠጥቶ በሌሊት በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ መመለስ ነው።

ስለ ሴት ተማሪዎች አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመር። ራሷን ያልቻለችን ተማሪ «ወንድሟ ነኝ»፣ «ጓደኛዋ ነኝ» ለሚል ሰው በምንም ምክንያት አያስረክቡ፤ ሴት ፕሮክተር እስክትመጣ ድረስ በብርሃንና በሁለተኛ ሰው ፊት ይጠብቋት። ጥቃት ከተጠረጠረ ልብሷን እንዳትቀይርና እንዳትታጠብ በእርጋታ ይመክሩ፤ ከፈቃዷ ጋር ወደ ሆስፒታል ይዘው ይሂዱ፤ ጠጥታ መገኘቷ በምንም ወረቀት ላይ እንደ ጥፋት አይጻፍ።

ልምምዱን መብራት አጥፍተው፣ በስልክ መብራት ብቻ፣ ደረጃ ላይ ያካሂዱት። አንዱ ወዳቂ፣ አንዱ ፕሮክተር፣ አንዱ የሚጮህ ጓደኛ፣ አንዱ ሰዓት ያዥ ይሁን። ከመገኘት እስከ መደወል ከሁለት ደቂቃ በላይ የፈጀበት ሰው ይድገመው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይስቃል፤ ሳቁ በሦስተኛው ዙር ይጠፋል።

አንድ እርምጃ ሲበላሽ

አምቡላንሱ ካላነሳ ሁለት ጊዜ ብቻ ሞክረው ባጃጁን ይጥሩ፤ በጎኑ አስተኝተው አንድ ሰው አብሮት ይሂድ። ተማሪው ለመማታት ከቃጣው አይያዙት፤ ክንድ ሙሉ ርቀው ይቁሙ፣ የተሰበረ ጠርሙስና ደረጃ ካለ መንገዱን ይዝጉ፣ የሚቀርበውን ጓደኛ ያናግሩት። ጓደኞቹ በር ቢዘጉ «ክስ የለም፣ ትንፋሹን ቆጥሬ እወጣለሁ» ይበሉ፤ የዲኑ ደብዳቤ የተፈረመው ለዚህ ሰዓት ነው። የግቢው በር ከተዘጋ በኋላ የሰከረ ተማሪ ቢመጣ ጥበቃው ያስገባውና ለፕሮክተር ያስረክበው።

ደረጃ 6፦ አራተኛው ክፍለ ጊዜ፣ የማግስቱ ንግግር

ንግግሩ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪው በልቶና ተኝቶ ከተነሳ በኋላ፣ ለብቻው፣ ከ10 ደቂቃ ሳይበልጥ ይደረግ። ሠራተኛው የሚለማመደው መናገርን ሳይሆን ጠይቆ ዝም ማለትን ነው፤ ይህ ለብዙዎቻችን ከደረት መጫን ይከብዳል። ለሁለት ለሁለት አድርገው እንዲህ ያለውን ያለማምዱ።

«ና ተቀመጥ ልጄ። ትናንት ትንፋሽህን ስቆጥር ነው ያደርኩት። ዛሬ እንዴት ነህ?»
«ደኅና ነኝ ፋዘር። ይቅርታ፣ ትንሽ ነበር የጠጣሁት።»
«ልከስህ አይደለም የጠራሁህ። ማታ ከምኑ ነው የጀመረው?»
«ቅመን ነበር፤ ከዚያ ጨብሲ አልን።»
«ምሳ በልተህ ነበር?»
«ኧረ አልበላሁም።»
«በሚቀጥለው ቅዳሜ የትናንቱ እንዳይደገም አንተ ምን ብታደርግ ይሻላል ትላለህ?»

መልሱ ከተማሪው አፍ ይውጣ። ሁለት ቢራ ላይ አቆማለሁ ቢል፣ በልቼ እወጣለሁ ቢል፣ ወይም ከነአካቴው እተዋለሁ ቢል ፕሮክተሩ «እንግዲህ ሰኞ እጠይቅሃለሁ» ይበለውና ሰኞ ይጠይቀው። ዕድሜው ከ21 በታች ከሆነ ሕጉን አንድ ጊዜ፣ ያለ ማስፈራራት ይንገረው። «አባትህ ይህን ቢሰማ»፣ «የደሀ ልጅ ሆነህ» የሚሉ ንግግሮች ግን ተማሪውን ከመጠጥ ሳይሆን ከፕሮክተሩ ያርቁታል።

በወር ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ የተገኘን፣ ጠዋት የሚጠጣን ወይም ፈተና በመጠጥ የቀረበትን ተማሪ ወደ ምክር አገልግሎት ይምሩት። እዚያ ያለው ባለሙያ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን ባለ 10 ጥያቄ መለኪያ ሊጠቀም ይችላል፤ ከጠቅላላው 40 ነጥቦች ውስጥ 8ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አጠጣጡ አሳሳቢ ነው ተብሎ ይታያል። ፕሮክተሩ ራሱ መጠይቁን አያስሞላ። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣን ልጅም «ከዛሬ ጀምረህ አቁም» ብሎ አያስገድድ፤ በድንገት ማቆም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መንቀጥቀጥና መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ስለሚችል ማቆሙ በሐኪም ክትትል ይሁን።

ደረጃ 7፦ የአደጋ ቀኖች

ከሠራተኞቹ ጋር የዓመቱን ቀን መቁጠሪያ ዘርግተው ፈተና የሚያልቅባቸውን ቀናት፣ የተመራቂዎች መቶ ቀንን (ለምረቃ መቶ ቀን ሲቀር የሚከበረውን)፣ ጥምቀትን፣ ፋሲካንና የምረቃውን ሳምንት ያቅልሙ። በእነዚያ ሌሊቶች ተረኛ በእጥፍ ይመደብ፤ ክሊኒኩም ቀድሞ ይነገረው። የተማሪዎች ኅብረት በግቢው ዝግጅት ሲያደርግ ምግብ ቀድሞ እንዲቀርብ፣ ብርዝና ቀሪቦም ከለስላሳው ጎን እንዲኖር ያግባቡ። የማይጠጣው ልጅ እጁ ላይ ብርጭቆ ካለ «ለምን አትጠጣም» የሚለው ጥያቄ ይቀንስለታል።

ደረጃ 8፦ ክትትል

በየብሎኩ ስም የማይጻፍበት ደብተር ያስቀምጡ። ቀን፣ ሰዓት፣ የመጠጡ ዓይነት፣ ጫት መኖር አለመኖሩ፣ ማን ደወለ፣ ከመገኘት እስከ እርዳታ ስንት ደቂቃ ፈጀ የሚሉት ይበቃሉ። ደብተሩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ አንድ ጊዜ እንኳ ከሄደ ከዚያ በኋላ ማንም እውነት አይጽፍበትም፤ ስለዚህ በቁልፍ ያኑሩት። ሥልጠናው ከተሰጠ በኋላ የተመዘገበው ቁጥር ቢጨምር አይደንግጡ፤ ቀድሞ ይደበቅ የነበረው መታየት ጀምሯል ማለት ሊሆን ይችላል። ለኃላፊዎችም ይህን ቀድመው ያስረዱ፤ አለበለዚያ «ሥልጠናው መጠጥ አበዛ» ብለው ይዘጉታል።

በሦስተኛው ወር በአንድ የሥራ ቀን ሌሊት፣ ለክሊኒኩ ብቻ አስታውቀው፣ ያልተነገረ ልምምድ ያካሂዱ፦ አንድ ሠልጣኝ በአንዱ ብሎክ ደረጃ ላይ ይተኛና ሰዓት ይያዝ። ከሁለት ደቂቃ በላይ የፈጀውን ብሎክ ሠራተኞች በዚያው ሳምንት ለደረጃ 5 ብቻ መልሰው ይጥሯቸው፤ የስልክ ወረቀቱንም በዚያው ሌሊት እንደገና እየደወሉ ይፈትሹት።